የሶሌታው በግ

ሱሉልታ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

የወዳጄ የበሪሁን ልጅ፣ ሰብለወርቅ ሆይ፤

በየመንገዱ ጎማ በሚነድበት፣ መኪና ከግማሽ ጎዳና በሚመለስበት በዚህ ወራት፣ ይህ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ድረስ እግዚአብሔር አንቺንም ወረቀቱን የሚያደርሰውን ኦቦ ኩምሳንም በጥላው ይጋርዳችሁ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከጆሮዬ መዘጋት በቀር ደኅና ነኝ፤ ጆሮዬም ቢሆን አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠረብበት የኖረ ጆሮ ነውና ሥራ በቃኝ ቢል አልፈርድበትም። ስልክ ሲደወልልኝ የምሰማው የንብ ጉምጉምታ ብቻ ስለሆነ፣ ከሱሉልታ ወደ ሰበታ የግንብ ድንጋይ በሚያመላልሰው በኩምሳ መኪና መጻጻፋችን ለእኔ እንደ መታደል ይቆጠራል።

ስለ ማሪቱ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንቺ ልስን ከመልመድሽ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ባሬላ አብራሽ የተሸከመች ሴት፣ ከሁለተኛው ፎቅ መወጣጫ ላይ ሳንቃ ከድቷት ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር፣ ሆስፒታሉም የአሠሪዋን ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ሥራ ተቋራጩ አቶ አለሙ «እኔ አላውቃትም፤ የካቦው ሠራተኛ ናት» ማለቱ፣ ካቦ የተባለው የቡድን አለቃም በማግሥቱ ስልኩን ዘግቶ መሰወሩ፣ ከአጥንቱ ስብራት የባሰ ስብራት ነው። ሠርቶ የወደቀ ሰው «የማን ነሽ?» ሲባል መልስ ሊያጣ አይገባም።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ ይህ ነው። የለም፤ ዘጠኝ ሰው ብቻውን ማኅበር አያቆምም፤ አቶ አለሙም ሕጉ ዐሥር ሰው እንደሚጠይቅ አጥብቆ ስለሚያውቅ ነው አንድ መቶ ሰባ አንድ ሠራተኛ በዐሥራ ዘጠኝ ካቦዎች ሥር ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ የሸነሸናችሁ። ነገር ግን ሕግ አውጪዎቹ እንዲህ ያለው ብልጠት እንደማይቀር ቀድመው ታይቷቸው ኖሮ፣ ከዐሥር ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው አንድ አጠቃላይ ማኅበር እንዲመሠርቱ በዚያው ሕግ በር ከፍተዋል፤ በሩ ጠባብ ቢመስልም ባሬላ ያሳልፋል። እንግዲህ የቀረው የሕግ ጥያቄ አይደለም፤ የሰው ጥያቄ ነው። ዐሥራ ዘጠኙ ቡድን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ካቦ ሳይለያያችሁ የምትቀመጡት መቼ ነው? ይህን አስበሽ መልሺልኝ።

አባትሽን ግንበኝነት ያስተማርሁት፣ ቱንቢ መያዝንም ያሳየሁት

ገብረየስ

•

ሰበታ፣ ፉሪ፤ ጥር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባባ ገብረየስ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ቻለው? ይህን ያህል ቆይቼ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ኩምሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናውን ከግቢ አላወጣም፤ በመንገዱ ላይ ስላየው ነገርም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከትናንት በስቲያ በራዲዮ አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ሲባል በየቤቱ ደስታ ሆነ። ኩምሳ ግን የምንሠራበትን ሕንፃ ሽቅብ አይቶ፣ «ፕላኑ ቀረ ማለት የአባቴ ሽንብራ ይመለሳል ማለት ነው?» አለኝ። ሕንፃው የቆመው አባቱ ሽንብራ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

የጠየቁኝን አሰብሁ፤ መልሱም አንድ ቀን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በምሳ ሰዓት እያንዳንዱ ቡድን በየካቦው ጥላ ሥር ነው የሚበላው። ፎርማኑ ለእኛ «ኦሮሞዎቹ አንድ ቀን ሳይቱን ያቃጥሉታል» ይለናል፤ ለእነሱ ደግሞ «ማኅበር የአዲስ አበቤ ጉዳይ ነው፣ እናንተን አይመለከትም» ይላቸዋል፤ ሁለተኛውን የነገረኝ ኩምሳ ነው። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ግን፣ የፎቁ ወለል አርማታ ከጧት እስከ ማታ ሳይቋረጥ መፍሰስ ስላለበት፣ ፌራዮ፣ አናጢ፣ ባሬላ ተሸካሚ፣ ሚክሰር አጉራሽ ሳይባል ሁላችንም አንድ ላይ እንሠራለን፤ ሥራው ሲያልቅም እንደ ወጉ በግ ታርዶ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም በየእምነቱ ተባርኮ፣ ሁላችንም በአንድ ዳስ እንበላለን። የሕንፃው ባለቤት ይመጣል፣ እንግዶች ይመጣሉ፤ የኩምሳ አባትም የመሬቱ የቀድሞ ጌታ ስለሆኑ ለምርቃት ይጠራሉ። ከዚያች ሰዓት በቀር ዐሥራ ዘጠኙም ቡድን ፊት ለፊት የምንተያይበት ጊዜ የለም።

ማሪቱን ከሆስፒታሉ አስወጥተን ወደ ቡራዩ፣ ወደ ተከራየችበት ቤት ወስደናታል። ያለ አሠሪ ደብዳቤ ቀዶ ሕክምናው ተራ አይደርሰውም ተባለ። ለእርስዎ «ደኅና ናት በይልኝ» ብላለች፤ ደኅና ግን አይደለችም።

አንድ ነገር ልድፈር። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ «ገብረየስ የማኅበሩ ጸሐፊ ሳለ አንበሳ ነበር፤ አንድ ቀን ሳይታሰብ ተወው» ይል ነበር። ለምን ተዉት?

ልጅዎ ሰብለወርቅ

•

ሱሉልታ፤ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለወርቅ፤

ሰላምታዬ በቤትሽ ሁሉ ይድረስ፤ ለማሪቱም «ደኅና ናት» ያስባለችሽን እንዳላመንሁ ንገሪልኝ።

በጉ ነገሩን ፈታልኝ። በአገራችን ሰው ከተቀየመው ሰው ማዕድ እህል እንደማይቀምስ፣ ተጠርቶ መጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ገበታ ቀርቦ እጁን የሰበሰበ እንግዳ ካለም ጋባዡ «ምን አስቀየምሁህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ማለፍ በሰው ፊት ነውር እንደሚሆንበት፣ ይህንንም ነውር ባለጸጋም ሆነ ድኻ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢናገር፣ በየትኛውም ቤት ቢያመልክ፣ ከእናቱ ጡት ጋር እንደጠባው አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሶሌታውን ከወትሮው አሳምራችሁ ሙሉት፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ዳሱ ውስጥ ግቡ፤ በጉ ይቅረብ፤ አንድም እጅ አይዘርጋ። ሲጠይቃችሁ መልሱ አንድ ይሁን፣ እሱም ስለ ማሪቱ ይሁን፤ መቶ ጥያቄ ያለው ሰው አንድም መልስ አያገኝም።

ቀኑን ወረቀት ላይ የሚጽፈው መሐንዲሱ ቢሆንም ወለሉ የሚፈስበትን እንጨት የሚያዘጋጁት አናጢዎቹ ናቸውና፣ ሁለት ቀን ማፋጠንም ማዘግየትም በእጃቸው ነው። ማክሰኞ የካቲት 15 ይሁን በያቸው። ረቡዕም ዓርብም አይደለም፤ ጾመ ነነዌም የምትገባው የካቲት 21 ነው፤ ባሕረ ሐሳብ በልጅነቱ የተማረ ሰው በዚህ አይሳሳትም፤ መጽሐፍ ሳልገልጥ በጣቴ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ።

ስለጠየቅሽኝ ስለ ቀድሞው ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ ጉልበቴ አያስቀምጠኝም።

ገብረየስ

•

ፉሪ፤ የካቲት 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባባ ገብረየስ፤

እንደምን ሰነበቱ? ነገሩን እንዴት እንደምጽፍልዎ ባላውቅም በአካል ሳያዩኝ መጻፉ ይሻላል፤ እየጻፍሁም እየሳቅሁም ነው።

ነነዌ የገባችው የካቲት 14 ነው፤ ከትናንት በስቲያ፣ ሰኞ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲታወጅ ሰምተን ደነገጥን፤ ነገር ግን እንጨቱ አልቋል፣ ሲሚንቶው ገብቷል፣ ቃሉ ለዐሥራ ዘጠኙም ቡድን ደርሷል። «እንዲያውም ጿሚው ከበጉ መራቅ አይከብደውም» ብለን ራሳችንን አጽናናን።

ሶሌታው አምሮ ተሞላ። እጃችንን ታጠብን፤ ተቀመጥን፤ አራት በግ ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። አቶ አለሙ ግራ ቀኙን አየ፤ ሰውየው ጴንጤ ነው፤ ወዲያው ግንባሩን በመዳፉ መታና፣ «ነነዌ! ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ጾሙን የት ዐውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ከልቡ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተነው አናውቅም። በአካባቢው ካሉ ምግብ ቤቶች ሁሉ ሽሮና ምስር አስመጥቶ በገዛ እጁ ያሳልፍ ጀመር። ሙስሊሞቹ በጋቸውን አለመንካታቸውን ሲያይማ ለሕንፃው ባለቤት እያሳየ፣ «ጓደኞቻቸው ስለጾሙ እነሱም ተዉት፤ መከባበር ማለት ይህ ነው» ብሎ ዐይኑን በመሐረብ ጠረገ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አባባ፣ ምን እናድርግ? ዐሥር ሰዓት ሞልቷል፣ ከንጋት ጀምሮ ባሬላ ስንሸከም ውለናል፣ ሰውየውም ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በላን። ሽሮው ጥሩ ነበር፤ መካድ ኃጢአት ነው።

አሁን ግን ሳቁ አልቆ ክርክሩ ተጀምሯል። ዮኒ የሚባል ፌራዮ አለ፤ ብረት አጣፊ ነው፤ ወጣት ነው፣ ወጣቶቹም ይሰሙታል። ዛሬ ጧት በሁሉ ፊት፣ «በሽሮ የተሸነፈ ማኅበር ሰምተሽ ታውቂያለሽ፣ ሰብሊ? የፋራ ጨዋታ ይብቃን» አለኝ። የሁለተኛው ሕንፃ ሶሌታ ሐሙስ የካቲት 24 ይሞላል። አርማታው ግማሽ ላይ ሲደርስ ሚክሰሩን ቀጥ አድርገን እጃችንን እናጣጥፍ ይላል፤ አርማታ አይጠብቅም፣ ይደርቃል፣ አቶ አለሙም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይንበረከካል። እውነቱን ነው፤ ይንበረከካል። ዐሥራ ሦስት ቡድን ተስማምቷል። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 28 ስለሚገባ፣ ከዚያ በኋላ ሃምሳ አምስት ቀን በግ አይታረድም፣ አንበላም ማለትም ትርጉም የለውም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሶሌታ አይኖርም፣ ቡድኖቹም ለልስንና ለግንብ በየፎቁ ይበታተናሉ። የቡራዩው ሐኪም የማሪቱ አጥንት እንደዚሁ ተዛንፎ ከጠነከረ አትሄድም ብሎናል። ያለን ሐሙስ ብቻ ነው።

እኔም ልቤ ወደ ዮኒ አዘንብሏል። እርስዎ ምን ይላሉ?

ልጅዎ ሰብለወርቅ

•

ሱሉልታ፤ የካቲት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለወርቅ፤

በመጀመሪያ የሽማግሌን ትዕቢት ይቅር በዪኝ፤ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ወደ ኋላ ሁለት ሱባዔ መቁጠር ሲገባኝ አንዱን ብቻ ቆጥሬ፣ ባሕረ ሐሳብ ተምሬያለሁ እያልሁ አንድ መቶ ሰባ አንድ ሰው ለሽሮ አሳልፌ ሰጠሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ለማንም ጽፌው አላውቅም፤ ለአባትሽም አልነገርሁትም።

በየካቲት 1966፣ ታክሲውም፣ መምህሩም፣ ሠራተኛውም በተነሣበት በዚያ ማዕበል፣ እኔ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳና የሕንፃ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ፣ በአዲስ አበባ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ቤት ሥራ ላይ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ እኩሌታው እንደፈሰሰ፣ ልክ የእናንተ ወጣት እንደሚለው፣ እጄን አንሥቼ «ቁም» አልሁ። ቆመ። አሠሪው ለምኖ፣ ተሳድቦ፣ በመጨረሻም አልቅሶ፣ የጠየቅነውን ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረመ፤ እኛም እየዘፈንን ወጣን። በማግሥቱ ጧት ስንመለስ የትናንቱ አርማታ ደርቋል። ግንበኛ ነበርሁና፣ በደረቀው ላይ እርጥቡን ማፍሰስ ሁለቱን እንደማያዋህድ፣ በመካከላቸውም ዐይን የማያየው ስንጥቅ እንደሚቀር ዐውቅ ነበር፤ ድል አድርጌም ስለነበር ድሌን የሚያበላሽ ነገር ለመናገር አልፈለግሁም። በላዩ አፈሰስንበት። ስንለስነውም አማረ።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት ክረምት፣ የዚያው ፎቅ ሰገነት በዚያች መስመር፣ በገመድ የተለካች ይመስል፣ ተሰንጥቆ ወደቀ። ከሥሩ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት ነበረች። ፍርዱን በዝናቡ ላይ ጣሉት። እኔ በሦስተኛው ቀን ሄጄ የተሰበረውን ጠርዝ በእጄ ዳሰስሁት፤ ለስላሳ ነበር፤ የተሰበረ አርማታ ለስላሳ አይሆንም፣ ያልተያያዘ ብቻ ነው ለስላሳ የሚሆን። በሳምንቱ ከማኅበሩ ወጣሁ። ሰው ሁሉ መንግሥትን ፈርቶ ነው አለ፤ ፍርሃት ከዚህኛው ይሻል ነበርና እንደዚያው ይመኑ ብዬ ዝም አልሁ።

እንግዲህ ለጥያቄሽ የምሰጠው ምክር ሳይሆን ይህ ነው። አሠሪ ይንበረከካል፤ ዮኒ አልተሳሳተም። ነገር ግን ከዚያ ሶሌታ ሥር የሚኖሩት ሰዎች አሠሪዎች አይደሉም፤ ከእነሱም አንዷ እንደ ማሪቱ ያለች ትሆናለች። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንቢ ማለት መብት ነው፤ ካለቀ በኋላ እንቢ ማለትም መብት ነው፤ የጀመሩትን ሶሌታ መካከሉ ላይ መተው ግን ቀስ ብሎ የሚገድል እጅ ነው። ሙሉት። ከዚያም አትብሉ። በጉ አንድ ጊዜ ስለከሸፈ ወጉ አልከሸፈም፤ የከሸፈው የእኔ ጣት ነው።

ይህን ወረቀት አንብበሽ አቃጥዪው።

ገብረየስ

•

ፉሪ፤ የካቲት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባባ ገብረየስ፤

ከሰላምታዬ በፊት በደሌን ልናገር። ደብዳቤዎን አላቃጠልሁትም። ሐሙስ ጧት፣ ሚክሰሩ ከመነሣቱ በፊት፣ በአሸዋው ክምር ላይ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሁሉም አነበብሁት፤ ኩምሳም እየተከተለ ወደ ኦሮምኛ መለሰው። ፈቃድ የምጠይቅበት ጊዜ አልነበረም፤ ቢኖርም እምቢ ይሉኛል ብዬ እፈራ ነበር። ስምዎን አልደበቅሁም፤ ስም የሌለው ምስክር አይታመንምና። የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ።

አንብቤ ስጨርስ ዮኒ ራስ ቁሩን አውልቆ አንገቱን ሲያክ ቆየና፣ «በቃ፣ እንሞላዋለን። አርማታውን የሚያጠቀጥቀውን ቫይብሬተር ግን እኔ ነኝ የምይዘው፤ አንዲት ባዶ ቦታ ብትቀር እኔን ጠይቁኝ» አለ። ቀኑን ሙሉ ከእጁ አላወጣውም፤ ማሽኑ እጁን ስላደነዘዘው ማታ ውሃ እንኳ የጠጣው በሌላ ሰው እጅ ነው።

በዐሥራ አንድ ሰዓት ጨረስን። ታጠብን፤ ገባን፤ ተቀመጥን። በጉ ቀረበ። እጅ የዘረጋ የለም።

አቶ አለሙ እየሳቀ፣ «ዛሬ ደግሞ የምን ጾም ነው?» አለ። ከባሬላ ተሸካሚዎቹ አንዲት እናት፣ «ጾሙ ሰኞ ነው የሚገባው፣ ጌታዬ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ይበላል» አሉት። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ፎርማኑ የማይበላ ይውጣ እያለ ይጮህ ጀመር፤ የወጣም የበላም የለም። የሕንፃው ባለቤት ሰዓቱን ያያል፣ እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አቶ አለሙ ነገሩን ለማለፍ ወደ ኩምሳ አባት ዞሮ ይመርቁልን አላቸው። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ኩምሳ ተረጎመ፦ «ያልተበላ ማዕድ አልመርቅም። በመጀመሪያ ምን እንዳስቀየምሃቸው ጠይቃቸው።»

እንግዲህ መጠየቅ ግድ ሆነበት። ጠየቀ። እኔ ተነሥቼ፣ «ማሪቱ የማን ሠራተኛ ናት?» አልሁት።

ስለ ካቦው፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ንዑስ ተቋራጭ ይናገር ጀመር። ሳይጨርስ ከዳሱ ወዲያኛው ጫፍ ሌላው ቡድን ተነሥቶ ያንኑ ጠየቀ። ቀጥሎ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከአካባቢው ልጆች ቡድን አንዱ ያንኑ በኦሮምኛ፣ «ማሪቱን ሆጄቱ ኤኙቲ?» አለ፤ ፎርማኑ ያን ጊዜ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ እነዚህንና እኛን ሲያጋጭ የኖረበት ወሬ በዚያች ቃል እንዳለቀ ገብቶታልና። ዐሥራ ዘጠኙም እየተነሣ ጠየቀ፤ ማንም ሌላ ቃል አልጨመረም። የጮኸም የለም።

የመጨረሻው ሲቀመጥ የሕንፃው ባለቤት ወደ አቶ አለሙ ዞሮ፣ «እኔም መስማት እፈልጋለሁ» አለ።

«የኔ ናት» አለ አቶ አለሙ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሽማግሌው ግን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አልሰማሁም በሚል አስተያየት አዩት። «የኔ ሠራተኛ ናት» አለ እንደገና፣ በደንብ።

ሽማግሌው ተነሥተው መረቁ። በላን። ሞራው ረግቶ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ የጣመ በግ በልቼ አላውቅም። የአሠሪው ደብዳቤ በማግሥቱ፣ ዓርብ ጧት፣ በማኅተም ወጣ፤ ማሪቱም በመጪው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ከፋሲካ በኋላ የማኅበሩን መሥራች ጉባኤ በቡራዩ፣ በእሷ ግቢ እናደርጋለን፤ ስብሰባውን እርስዎ እንዲመሩልን ዐሥራ ዘጠኙም ቡድን ይለምንዎታል፣ ከተቆጡኝም ቁጣዎን ይዘው ይምጡ።

ልጅዎ ሰብለወርቅ

•

ሱሉልታ፤ መጋቢት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለወርቅ፤

ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽሽም። ኩምሳ ወረቀትሽን ሰጥቶኝ ሲመለስ በር ድረስ አልሸኘሁትም፣ ይህም በዕድሜዬ ሙሉ ያላደረግሁት ነው። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ከተሟገትሁ በኋላ ግን የገባኝ ይህ ነው፤ ከጥፋቴ ቀጥሎ የሠራሁት ሁለተኛው ጥፋት መደበቄ ነበር፣ እኔ ለራሴ ስም ስሳሳ ያኖርሁትን ነገር አንቺ በአንዲት ጧት ለአንድ መቶ ሰባ አንድ ሰው ጥቅም አዋልሽው፤ ስለዚህ ይቅርታ የሚጠይቀው እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽም።

በዚያ ደብዳቤ ግን አንድ ነገር አስቀርቼ ነበር። ሴትዮዋን ‹ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት› ብዬ ጻፍሁልሽ፤ ስሟን የማላውቅ መስሎሽ ይሆናል። ወርቅቱ ትባል ነበር። ልጇ ዛሬም አዲስ አበባ ነው፤ ትናንት በኩምሳ መኪና ሄጄ ቤቱን አንኳኳሁ። ምን እንዳልሁት፣ ምንም እንዳለኝ በወረቀት አይጻፍም፤ ወጥቼ ስሄድ ግን አውራ ጎዳናው ድረስ ሸኘኝ።

ለጉባኤው እመጣለሁ። ሊቀ መንበር አታድርጉኝ፤ ለአንድ ቀን ስብሰባውን ልምራና ቦታውን ጉልበት ላለው ልልቀቅ። የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ አያይዤ ልኬልሻለሁ፤ በአራተኛው አንቀጽ ስለ ሶሌታ የጻፍሁትን ዮኒ አንብቦ ያልተስማማበት ቃል ካለ ያርመው፤ እጁ ከእኔ ቀለም ይልቅ የሚያውቀው ይመስለኛል።

ገብረየስ

•

ሰበታ፤ ግንቦት 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባባ ገብረየስ፤

እሑድ ከቡራዩ በሰላም ስለመግባትዎ ኩምሳ ነግሮኛል፤ ተመስገን። እርስዎ መንገድ ሳይመሽብዎት ብለው ቀድመው በመነሣትዎ ያላዩት አንድ ነገር አለና እሱን ልንገርዎ፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ሌላ አይደለም።

ሥራ አስፈጻሚው ተመርጦ፣ የዐሥራ ዘጠኙ ተወካዮች ፊርማ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ እንዲገባ ከተወሰነ በኋላ፣ ስለ ደኅንነት ተጠሪ ተነሣ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ይጠቋቆሙ ጀመር። ማሪቱ ከተቀመጠችበት በክራንቿ ተደግፋ ተነሣችና፣ «መወጣጫውን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቀው ማነው? ከላይም ከታችም አይቼዋለሁ» አለች። ሳቁ ሳይበርድ ሁሉም እጁን አነሣ። እኔ ግን ለሳቅ የተናገረችው እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ሰኞ ጧት በአንድ ሰዓት ከሁላችን ቀድማ ሳይቱ በር ላይ ቆማ አገኘናት። በክራንች ከታክሲ ወርዳ፣ ያን ጠጠር መንገድ ብቻዋን አቋርጣ ነው የመጣችው። ለሳኞቹ ሊወጡ ሲሉ በአራተኛው ፎቅ መወጣጫ ሥር ቆመች። የባሕር ዛፉን ቋሚዎች አንድ በአንድ በክራንቿ ጫፍ አንኳኳች፣ ጆሮዋንም አስጠጋች፤ ከግራ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይህን አውርዱት» አለች።

ፎርማኑ እየተቻኮለ መጣ። ሥራ እየዘገየ መሆኑን፣ እንጨቱ ባለፈው ሳምንት መታየቱን ተናገረ፤ አካል ጉዳተኛ ከመቼ ወዲህ መሐንዲስ እንደሆነችም ጠየቀ። ማሪቱ ክራንቿን ከቋሚው ላይ አላነሣችም። እኛም ካለንበት አልተንቀሳቀስንም፤ ለሳኙ የልስን ማንኪያውን እንደያዘ፣ ባሬላዎቹ ሙሉ እንደሆኑ፣ ዮኒም ፌሮውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ። አቶ አለሙ ከቢሮው ደጃፍ ሆኖ ያይ ነበር፤ ሁላችንም ወደ እሱ ስንዞር እጁን ወደ ፎርማኑ ወዝወዝ አደረገ። እንጨቱ ወረደ። ከሥሩ በስብሶ ነበር።

አዲሱ እስኪቆም አርባ ደቂቃ ፈጀ። ማሪቱ እስከዚያ አልተቀመጠችም። ሲያልቅ እንደገና አንኳኳችው፤ ወደ ላይ አየች፣ የወደቀችበትን ከፍታ የምትለካ ይመስል ረዘም አድርጋ አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ መለሰችና፣

«ውጡ» አለችን።

ወጣን።

ልጅዎ ሰብለወርቅ በሪሁን